ባንጋሎር ወይስ ሃይደራባድ፦ ከተሞች ሲሻሙ ማን ያተርፋል?

አወያይ፦ እሺ ጓዶች፣ የዛሬው መከራከሪያ ሕንድ ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንምታታ። በ2022 አንድ የባንጋሎር ስታርታፕ መሥራች ትዊተር ላይ ምሬቱን አወጣ። መንገዱ አይነዳበትም፣ መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ የእግረኛ መንገዱ አያስኬድም አለ። ያኔ የቴላንጋና (ዋና ከተማዋ ሃይደራባድ የሆነች ግዛት) ሚኒስትር የነበሩት ኬ.ቲ. ራማ ራኦ አጋጣሚዋን አላሳለፏትም። ሻንጣህን ሸክፈህ ወደ ሃይደራባድ ና አሉት። ባንጋሎር ካለችበት ግዛት ከካርናታካ በኩል ደግሞ ተቃዋሚ የነበሩት ዲ.ኬ. ሺቫኩማር ፉክክሩን ተቀብያለሁ ብለው መለሱ። ንትርኩ ከዚያ ወዲህም አልበረደም። እናንተስ? እንዲህ ያለው ሽሚያ ሕንድን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ማንስ እየመራ ነው? ስድብ የለም።

የቻርሚናር ልጅ፦ ሃይደራባድ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ አላዳላም ብዬ አልዋሽም። ግን ነገሩ አፍጥጦ ይታያል። በ1998 ሃይደራባድን ያኔ ያስተዳድር የነበረው የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ዋና ሚኒስትር ቻንድራባቡ ናይዱ ሳይበር ታወርስ የተባለውን ሕንፃ ሲያስመርቁ አካባቢው ቋጥኝና ቁጥቋጦ ነበር። ዛሬ ሃይቴክ ሲቲ የሚባለው ያ ነው። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ገባ። አማዞን በ2019 እዚያ የከፈተው ግቢ በዓለም ላይ ካሉት ግቢዎቹ ሁሉ ትልቁ ነው። ከተማዋ ቀድማ ስለተዘጋጀች ነዋ! 158 ኪሎ ሜትር የቀለበት መንገድ አላት። ከኤርፖርት ወጥተህ በዚያ ቀጥ ብለህ ቢሮዎቹ ሰፈር ትገባለህ።

ብዙ ሰው የማያነሳውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከ2006 ጀምሮ ሃይደራባድ በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ወለል መሥራት ይቻላል የሚለውን ገደብ አንስታለች። የመንገዱ ስፋትና ቦታው ከፈቀዱልህ ወደ ላይ መውጣት ነው። ቢሮም መኖሪያም በብዛት ስለተሠራ ኪራዩ ከባንጋሎር ይሻላል። ፈቃድም ቢሆን፣ ቴላንጋና በ2014 ራሷን የቻለች ግዛት እንደሆነች ያወጣችው ሕግ ለትልልቅ ፕሮጀክቶች በ15 ቀን መልስ ይሰጥ ይላል። እኛ አገር በ15 ቀን ፋይሉ ያለበት ቢሮ ከተገኘም ጥሩ ነው።

ኮራማንጋላ፦ ወንድሜ፣ መንገድ እኮ ገንዘብ ያለው ሁሉ ያሠራል። ሰውን ግን በአንድ ምርጫ ዘመን አታፈራውም። ባንጋሎር ላይ የሕንድ ሳይንስ ተቋም የተከፈተው በ1909 ነው። የአውሮፕላን ፋብሪካው በ1940 መጣ። ከነፃነት በኋላ የስልክ፣ የማሽንና የኤሌክትሮኒክስ የመንግሥት ፋብሪካዎች ተከታትለው ተተከሉ። የጠፈር ምርምር ድርጅቱም መቀመጫው እዚያው ነው። በ1981 አፕል የተባለችውን ሳተላይት በበሬ ጋሪ ላይ ጭነው የሚያሳየውን ፎቶ ያያችሁ ትኖራላችሁ። (ከስልኩ ጋር አትደባልቁት።) ብዙዎች በድህነት ይተርጉሙታል። ብረት የአንቴናውን ሙከራ እንዳይረብሽ ብለው ነው እንጨት ጋሪ የመረጡት።

የአሜሪካው ቺፕ ሠሪ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1985 ሲመጣ እነዚህን መሐንዲሶች ፈልጎ ነው። የሶፍትዌር ኩባንያው ኢንፎሲስም ፑኔ ከተማ ተወልዶ በ1983 ወደ ባንጋሎር የተዛወረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰውም ደንበኛም እዚያ ስለነበረ። በ2018 ዋልማርት የባንጋሎሩን የኦንላይን ገበያ ፍሊፕካርትን 77 ከመቶውን በ16 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ አክሲዮን የነበራቸው ሠራተኞች ኪሳቸው ሞላ። ስንቱ ወጥቶ የራሱን ኩባንያ ከፈተ። ይሄን በ15 ቀን ፈቃድ አታመጣውም።

ሸገር፦ እኔ ባንጋሎርን የማውቃት ለሕክምና ሄደው ከመጡ ዘመዶቼ ወሬ ነው። ስለ ሐኪሙ ትንሽ ያወራሉ፣ ስለ ትራፊኩ ግን ቡና እስኪበርድ!

ኮራማንጋላ፦ ትራፊኩን አልከራከርህም። ሲልክ ቦርድ መገናኛ ላይ አምሽቼ አውቃለሁ።

ቁጥር ወዳዱ፦ ማን እየመራ ነው ለሚለው አንድ ነገር ልበል። የፌስቡኩ ሰንጠረዥ ሁሉ «የከተማ ጂዲፒ» እያለ ደረጃ ያወጣል። የሕንድ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ግን የከተማ ጂዲፒ አያወጣም። የግዛት ነው የሚያወጣው። ከዚያ በታች ግዛቶቹ ራሳቸው በዲስትሪክት ከፋፍለው ይገምታሉ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሃይቴክ ሲቲም፣ የማይክሮሶፍት ግቢም፣ ኤርፖርቱም ያሉት ሃይደራባድ ዲስትሪክት ውስጥ አይደለም። ራንጋሬዲ የሚባል ጎረቤት ዲስትሪክት ውስጥ ነው። በቴላንጋና በነፍስ ወከፍ ገቢ አንደኛዋ ራንጋሬዲ ናት። የባንጋሎር ግን አብዛኛው በአንድ ዲስትሪክት ተጠቃሏል፣ ያም ብቻውን ከካርናታካ ኢኮኖሚ ከሲሶ በላይ ነው። ሃይደራባድ ዲስትሪክትን ከባንጋሎር ዲስትሪክት ጋር አስተያይቶ «አሸነፈች» የሚል ሰው ግማሿን ከተማ ውጭ ትቶ ነው።

ለነፍስ ወከፍ ደግሞ የሕዝብ ቁጥር ያስፈልጋል። ሕንድ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ2011 ነው። የ2021ዱ ቆጠራ ቀርቶ ለ2027 ተዛውሯል። ስለዚህ ደረጃ የምትለጥፉ ሰዎች እባካችሁ ቀስ በሉ።

የዱባዩ፦ ማን መራ የሚለውን ተዉትና ማን ከፈለ በሉ። ቢሮዬ ውስጥ የሚሠሩት የአንድራ ፕራዴሽ ልጆች በ2025 እየተፍነከነኩ የነገሩኝን ላውራችሁ። የግዛታቸው ከተማ ቪሻካፓትናም፣ ብዙ አበሻ የተማረባት፣ ለሶፍትዌር ኩባንያው ታታ ኮንሰልታንሲ ከ8 ሄክታር በላይ መሬት በ99 ፓይሳ ሰጠች። አንድ ሩፒ እንኳ አትሞላም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጉግል እዚያው በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር አፈሳለሁ አለ። ለዳታ ማዕከል ነው። የካርናታካው የአይቲ ሚኒስትር ወዲያው በማበረታቻው ብዛት ላይ ተነሱ። እሳቸው ቢያገኙት ኖሮ እኮ አይነሱም ነበር! ኩባንያው ቁጭ ብሎ አገሩን ያጫርታል። ዳታ ማዕከል ደግሞ ኤሌክትሪክና ውኃ እንጂ ብዙ ሠራተኛ አይፈልግም። ይሄ ዕድገት ነው እንዴ?

የቻርሚናር ልጅ፦ የዱባዩ፣ አንተ እኮ ነፃ ቀጣና ውስጥ ነው ደመወዝ የምትበላው። 😄

የዱባዩ፦ ለዚያ ነዋ ጨዋታው የገባኝ።

ቁጥር ወዳዱ፦ ለዱባዩ ምሳሌ ልጨምርለት። በ2008 ታታ ናኖ የምትባለውን ርካሽ መኪና ምዕራብ ቤንጋል፣ ሲንጉር ላይ ሊሠራ ፋብሪካው አልቆለት ነበር ማለት ይቻላል። ገበሬዎች መሬታችን ተወሰደ ብለው ተነሡ። ታታ ጥሎ ወጣ። ያኔ የጉጃራት ዋና ሚኒስትር የነበሩት ሞዲ ለራታን ታታ አጭር የስልክ መልእክት ላኩ፣ እንኳን ደህና መጡ የምትል። ፋብሪካው እዚያው ጉጃራት፣ ሳናንድ ተተከለ። መኪናዋ ግን እንደታሰበው አልተሸጠችም፣ በ2018 ምርቷ አበቃ። የተሻሙባት ነገር ራሷ ሞተች።

የቻርሚናር ልጅ፦ ታሪኩን ግማሽ ላይ ለምን ታቆመዋለህ? ናኖ ሞተች፣ ሳናንድ ግን አልሞተችም። መንገዱና መለዋወጫ አቅራቢው እዚያ ስለነበር ፎርድ ሄዶ ፋብሪካ ሠራ። ፎርድ በ2021 ሕንድ ውስጥ መኪና ማምረት አቆማለሁ ሲል ፋብሪካውን ታታ ገዛው። ቺፕ የሚያሽገው ማይክሮንም በ2023 የመረጠው ሳናንድን ነው። ሲንጉርስ? ፍርድ ቤቱ መሬቱን ለገበሬዎቹ መልሷል፣ እሰየው። ሥራው ግን ሄደ። ስለዚህ ሽሚያው ያመጣው መኪናዋን ብቻ አይደለም።

ቁጥር ወዳዱ፦ ማይክሮንን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። የፕሮጀክቱ ወጪ 2.75 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ኩባንያው የሚያወጣው እስከ 825 ሚሊዮን ነው። ግማሹን ማዕከላዊ መንግሥት፣ 20 ከመቶውን ጉጃራት ይሸፍናሉ። አስላው እስቲ። ከመቶ 70ው የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ማዕከላዊ መንግሥት ከሚሸፍነው ግማሽ ውስጥ ደግሞ ባንጋሎር ላይ በየቀኑ ትራፊክ ውስጥ የሚቃጠለው ሰው የከፈለው ግብር አለበት። የካርናታካ መሪዎች በየካቲት 2024 ዴልሂ ድረስ ሄደው «ግብራችን መብታችን» ብለው የተሰለፉት ወደው አይደለም። የሚልኩትና የሚመለስላቸው አይመጣጠንም ነው የሚሉት። ፉክክር ከሆነ ዳኛው ለአንዱ ቡድን መጫወት የለበትም።

አወያይ፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ወደ ከተሞቹ እንመለስ።

ሸገር፦ ቆይ ግን፣ ባንጋሎር ራሷስ በገዛ እግሯ ላይ አልተኮሰችም? በሐምሌ 2024 ለአካባቢው ተወላጅ ከአመራር ሥራ 50 ከመቶ፣ ከሌላው 70 ከመቶ ይያዝ የሚል ረቂቅ ካቢኔው አጸደቀ። የሶፍትዌር ኩባንያዎቹ ማኅበር ጮኸ። በቀናት ውስጥ ረቂቁ ይቆይ ተባለ። የአንድራው ሚኒስትር ናራ ሎኬሽ ደግሞ እስኪቀዘቅዝ አልጠበቁም፣ ቪሻካፓትናም ኑ ብለው ለኩባንያዎቹ ግብዣ በተኑ።

ኮራማንጋላ፦ ልክ ነህ፣ አያያዙ አሳፋሪ ነበር። ግን የካናዳ ተናጋሪውንም ጫማ ውስጥ ግባ። ከተማው በዓይኑ ፊት ተቀይሮ፣ ኪራዩ ሰማይ ነክቶ፣ በገዛ ዋና ከተማው ሱቅ ገብቶ በቋንቋው የሚመልስለት ሲያጣ ምን ይበል? ለመጡት ኩባንያዎች ሁሉ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ለእሱ ግን «ተፎካካሪ ሁን» ይባላል።

የዱባዩ፦ (ካናዳ ያልከው ቋንቋውን ነው አይደል? አንዱ ቶሮንቶ እንዳይመስለው።)

እትዬ ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ስለ ማይክሮሶፍት ሰማን፣ ስለ ጉግል ሰማን። የሚጠጣው ከየት ነው? ባንጋሎር ውኃዋን የምታመጣው ከካቬሪ ወንዝ ነው። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ። በ2024 ጉድጓዱ ሲነጥፍ በመጠጥ ውኃ መኪና ያጠበ 5,000 ሩፒ ይቀጣ ተባለ። ድሮ ከተማዋ የሐይቅ ከተማ ነበረች። ቤላንዱር የሚባለው ሐይቅ ከቆሻሻው ብዛት አረፋ ደፍቆ፣ ይባስ ብሎ እሳት ይነሳበት ጀመር። ውኃ ሲነድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሃይደራባድም ብትሆን አትኩራ። በ2025 ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለውን 400 ኤከር ቦታ ለቴክኖሎጂ መንደር ብለው ዶዘር አስገቡበት። ተማሪዎቹ ወጡ፣ ሚዳቋውና ጣዎሱ የት ይግባ አሉ። የማስቆሙን ትእዛዝ የሰጠው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ከተሞች ይወዳደሩ ትላላችሁ። የባንጋሎር ከንቲባ ማን ነው?

ኮራማንጋላ፦ …

እትዬ ጥያቄ፦ የለም! የተመረጠው ምክር ቤት ዘመኑ ያለቀው መስከረም 2020 ነው። ከዚያ በኋላ ምርጫ ሳይደረግ ዓመታት አለፉ፣ በ2025 ከተማዋን ለአምስት አስተዳደር ከፋፈሏት። ትዊተር ላይ የሚተራረቡት እኮ የግዛት ሚኒስትሮች ናቸው። እነሱን የሚመርጣቸው ደግሞ በአብዛኛው የገጠሩ ሰው ነው። የተበላሸ ጉድጓድ ያለበት መንገድ ላይ የሚኖረው ከተሜ ማንን ያባርር?

የቻርሚናር ልጅ፦ እትዬ፣ እዚህ ላይ ተቃውሞ የለኝም። እንዲያውም ልጨምርልዎ። ያ የ2022 ንትርክ እንዴት እንደተቋጨ ታውቃላችሁ? በ2023 ካርናታካንም ቴላንጋናንም ያሸነፈው ኮንግረስ ፓርቲ ነው። ሺቫኩማር ምክትል ዋና ሚኒስትር ሆኑ፣ ሻንጣህን ሸክፍ ያሉት ራማ ራኦ ከሥልጣን ወረዱ። ሁለቱም ከተሞች በአንድ ፓርቲ እጅ ገቡ፣ ሽሚያው ግን ቀጠለ። ጉዳዩ የፓርቲ አይደለም።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ልያዝ። የሃይደራባድ ሜትሮ ሃይቴክ ሲቲ የደረሰው በ2019 ነው። የባንጋሎሩ የኩባንያዎች መንደር ኤሌክትሮኒክስ ሲቲ የተጠነሰሰው በ1970ዎቹ ነው። ሜትሮ የደረሰው መቼ ነው ኮራማንጋላ?

ኮራማንጋላ፦ ነሐሴ 2025። ሲልክ ቦርድን አልፎ።

የቻርሚናር ልጅ፦ በስንት ባቡር?

ኮራማንጋላ፦ መጀመሪያ ላይ በሦስት። በየ25 ደቂቃው። እሺ ሳቅ፣ ግን ሞልቶ ነው የሚሄደው! ደግሞ የእናንተን ሜትሮ የሠራው የግል ኩባንያ ከስሬያለሁ ብሎ በ2025 ለመንግሥት ሊያስረክብ ተስማማ። እኛ ቢዘገይም በመንግሥት ገንዘብ ነው የሠራነው።

የማድራስ ምሩቅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዘግይቼ ነው የገባሁት። ይሄን ሁሉ ስትጽፉ አንድም ሰው ቼናይን፣ የድሮዋን ማድራስ፣ የታሚል ናዱን ዋና ከተማ አላነሳም? በሕንድ ብዙ ፋብሪካ ያላት ግዛት ታሚል ናዱ ናት። ሃዩንዳይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ መኪና የሚገጣጥመው ቼናይ አጠገብ ነው። አይፎንም እዚያው ይገጣጠማል፣ ፎክስኮን ግቢ ውስጥ። አንድ ኮድ ጸሐፊ የሚቀጥረው ቢሮ ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛ የማትችለዋን የገጠር ልጅ የሚቀጥረው ግን ፋብሪካ ነው። ሁለቱም ከተሞቻችሁ አዲስ ኤርፖርት የከፈቱት በ2008 ነው፣ በ2025 ማለቂያ ላይ እንኳ ሜትሮ አልደረሰላቸውም። የኛ ኤርፖርት በ2016 ደርሶታል።

ኮራማንጋላ፦ በ2019 ደርቃችሁ የመጠጥ ውኃ በባቡር ያስመጣችሁት እናንተ አይደላችሁም?

የማድራስ ምሩቅ፦ አስመጣን። ባቡር ስለነበረን።