ተማሪዎቼ ራሳቸውን ሲሥሉ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ይወጣቸዋል፤ ምን ላድርግ?

ባለመስታወት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ14 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ 30 ተማሪዎች የራስን መልክ መሣል ላስተምር ነው፤ ዓላማው በዚያው «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን እንዲያስቡበት ነው። ያለኝ ጊዜ አራት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። ዓይን ግንባር ላይ ይወጣል፣ ፊቱ ካርቱን ይሆናል፣ ማንነት ሲባል ደግሞ ልብ፣ ኳስና የሙዚቃ ኖታ ይደረድራሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ፊታቸውን መሣል አይፈልጉም። በእጄ ያለው ተራ ኤ4 ወረቀት፣ ኤችቢ እርሳስና 12 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ትንንሽ መስታወቶች ናቸው። ስልክ ይሻላል? ውጤትስ በምን ይሰጣል?

እርሳስ6ቢ፦
መስታወቱ አያስጨንቅዎ፣ ይበቃል። መስታወት ላይ የሚያርፈው የፊት ልክ ሁልጊዜ የእውነተኛው ግማሽ ነው፤ ቢጠጉም ቢርቁም አይለወጥም። ከአናት እስከ አገጭ 22 ሴንቲሜትር የሆነ ራስ 11 ሴንቲሜትር ላይ ይገባል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ያረጋግጡት፦ አንድ ዓይን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በነጭ ሰሌዳ ማርከር የፊታቸውን ዙሪያ፣ የዓይን፣ የአፍንጫና የአፍ መስመር መስታወቱ ላይ ያስምሩ። ከዚያ በማስመሪያ ይለኩት። ዓይን የራስ ቅል መሀል ላይ መሆኑን መምህር ስለነገራቸው ሳይሆን በገዛ ፊታቸው ያዩታል።

ዓይን ወደ ላይ የሚሸሸው ግንባርን እንደ ባዶ ቦታ ስለሚቆጥሩት ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ከፍ ብሎ የቆመ ፀጉር ያለው ልጅ ከፀጉሩ ጫፍ ጀምሮ ከለካ ስሌቱ ይበላሽበታል። ፀጉሩን በእጁ ጫን አድርጎ አናቱን ያግኝ፣ ከዚያ ይለካ፤ ፀጉሩ በኋላ ይጨመርበታል።

ካርቱን የሚያደርገው ደግሞ ሁሉንም ነገር በእኩል መስመር መክበብ ነው። የዓይን ብሌን ሙሉ ክብ ሆኖ ከተሣለ ልጁ የደነገጠ ይመስላል፤ የላይኛው ቆብ ጫፉን ይሸፍነዋልና። በአፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ጠቆር የሚለው ሁለቱ ከንፈሮች የሚገናኙበት መስመር ነው፣ ዙሪያው አይደለም። አፍንጫ በጥላ እንጂ በመስመር አይሠራም። ጥላ እንዲኖር የጣሪያውን መብራት አጥፍተው በአንድ ጎን የመስኮት ብርሃን ያስቀምጧቸው። ከብዙ አቅጣጫ ብርሃን ሲመጣ ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ልጁም መስመር ከመክበብ ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ወረቀቱን ሳያዩ፣ እርሳሱን ሳያነሡ ይሣሉ። ውጤቱ ጠማማ ነው፣ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ «እኔ መሣል አልችልም» የሚለው ፍርሃት እዚያው ይሰበራል።

ጥላና_መልክ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ልቡና ኳሱ የሚመጡት ግን «ማንነት» መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ስለሆነ ነው። ጥያቄው ከእርሳሱ መቅደም አለበት፣ ጠባብም መሆን አለበት። «አንተ ማን ነህ?» ሲባል ልጅ የሚያውቀውን ምልክት ያወጣል። ይልቅ እነዚህን ይስጧቸው፦ ቤት ውስጥ ስትሆኑና ከጓደኛ ጋር ስትሆኑ ፊታችሁ ላይ ምን ይለወጣል? ሰው ስለ እናንተ ደጋግሞ የሚሳሳተው ምንድን ነው? አርጅቶም የማትጥሉት ዕቃ ምንድን ነው? መልሱን ለራሳቸው ይጻፉት፣ አይሰብስቡት።

ከዚያ አምስት በሰባት ሴንቲሜትር የሆኑ ስድስት ትንንሽ ንድፎች፣ በየአንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ፦ ፊት ለፊት ወይስ በጎን? ወደ ተመልካች ማየት ወይስ ዓይን ማዞር? ፊቱ ወረቀቱን ሞልቶ ወይስ ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ? «ዝምተኛ ነኝ» ያለ ልጅ ፊቱን ታች ጥግ አድርጎ የቀረውን ባዶ ቢተወው ከአሥር ምልክት ይበልጣል። ማንነት በምርጫው ውስጥ ይታያል።

ምሳሌ ካስፈለገ፣ የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1630 አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የራሱን መልክ የሠራባት የመዳብ ኅትመት ቁመቷ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ናት። ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረር በ1484 ራሱን በመስታወት እያየ ሲሥል 13 ዓመቱ ነበር፤ የተጠቀመበት የብር ጫፍ መሣያ እንደ እርሳስ በላጲስ የሚጠፋ አልነበረም። እድሜ እኩያ ስለሆነ ሁለተኛውን ማሳየት በተለይ ይሠራል።

ሦስተኛ_ወንበር፦
ስለ ስልኩ። በክንድ ርቀት የተነሣ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጥፋቱ የቅርበቱ ነው። የግድ ከሆነ ስልኩ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፣ በሰዓት ቆጣሪ ይነሣ፣ ማስዋቢያ ፊልተር ይጥፋ። አንዳንድ ስልክ ፎቶውን ከመስታወት በተቃራኒ ስለሚያስቀምጠው «ይሄ እኔን አይመስልም» ይላሉ። እኔ መስታወቱን እመርጣለሁ፣ ልጁ እያየ ስለሚቆይ።

ፊቱን የማይፈልገውን ልጅ አያስገድዱት። በ15 ዓመት ብጉርና ጥርስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እጁን በሦስት አቀማመጥ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላውን፣ ጫማውን፣ ወይም በመዳፉ የተሸፈነ ግማሽ ፊት ይሣል፤ ሁሉም ራስን መሣል ነው። አስተያየት ሲሰጣጡ «አፍንጫህ» አይባልም፣ «እዚህ ያለው ጥላ» ይባላል።

ውጤት ከ20 ቢሆን እኔ 8 ለምልከታ፣ 7 ለምርጫና ምክንያቱ (ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል)፣ 5 ለሙከራ ወረቀቶቹ እሰጣለሁ። ለመመሳሰል ምንም፣ ምስጢር ለማውጣትም ምንም፤ ለምስጢር ነጥብ ከሰጡ ልጆቹ ይፈጥሩልዎታል። አንድ ልጅ ከባድ ነገር ቢያሳይ ለማን እንደሚያስተላልፉ አስቀድመው ይንገሯቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ባለቤቱ የፈቀደው ብቻ ነው።

ባለመስታወት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ጠይም የሆኑት ልጆች ፊታቸውን ነጭ አድርገው ይተዉታል፣ ፀጉር ብቻ ያጠቁራሉ። እንዴት ላርመው?

እርሳስ6ቢ፦
ጥፋቱ የነጩ ወረቀትና የኤችቢው ነው። ኤችቢ ከተወሰነ በላይ አይጠቁርም፤ ሲጫኑት ያብለጨልጫል፣ ተራውንም ወረቀት ይቦረቡረዋል። ለአራት ልጅ አንድ 6ቢ እርሳስ (ከኤችቢ የሚለሰልስና የሚጠቁር) እና ትንሽ የሥዕል ከሰል ይበቃል፤ ወረቀቱም ወፈር ቢል ጥሩ ነው። የከሰል ዱቄት በሶፍት ወረቀቱን በሙሉ ያሹት፣ የልጁን የቆዳ መካከለኛ ድምቀት እስኪይዝ። ከዚያ ብርሃን የነካውን፣ ማለትም የግንባር ጠርዝ፣ ጉንጭና የአፍንጫ ጫፍ፣ በላጲስ ያንሡ፤ ጥላውን በ6ቢ ያጥቁሩ። ነጭ የሚቀረው ዓይን ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ብቻ ትሆናለች፤ የዓይን ነጩ ክፍል ራሱ ግራጫ ነው። እጃቸው ሥዕሉን እንዳይጠርገው መዳፋቸው ሥር ንጹሕ ወረቀት ያንጥፉ፣ ሲደራርቡም በመካከሉ አንድ ባዶ ወረቀት ያስገቡ።