አስቸኳይ፦ ቲማቲሜ ደወሌ ላይ ቆሞብኛል

የቀፊራው፦
ወገኖች ድረሱልኝ! ወደ ጅቡቲ ቲማቲምና ድንች የጫነ አይሱዙ ከትናንት ማታ ጀምሮ ድንበር ላይ፣ ደወሌ ኬላ ቆሟል። «ወረቀቱ አይገጥምም» ብለው መለሱት። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት አለኝ፣ ኢንቮይስ አለኝ፣ የባንክ ፈቃድም አለኝ። ሹፌሩ ፎቶ ላከልኝ፤ የታችኞቹ ሳጥኖች ውሃ ማንጠብጠብ ጀምረዋል። ጅቡቲዎች ለምን እንዲህ ያደርጉናል? ሁለታችንም ኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ውስጥ ነን አይደል? ምን ላድርግ?

የከዚራ ልጅ፦
አቦ አይዞህ! መጀመሪያ ሸራውን አስገልጥ፣ መኪናው ጥላ ይያዝ። ድልህ ሆኖ እንዳይደርስ።

ጋሽ ባቡር፦
ልጄ፣ ይሄ የአንድ መኪና ነገር አይደለም። ድሬ ራሷ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ንግዳችን በዚያችው በር ነው። ሁለት ሕዝብ እንዲህ ተሳስሮ እየኖረ ወረቀቱ ዛሬም አንድ አለመሆኑ ያሳዝነኛል።

ትራንዚተሯ፦
የቀፊራው፣ የቱ ወረቀት ነው ከየቱ ያልገጠመው? ያቆመህስ ማን ነው? ደወሌ ካልክ እኮ ገና በኛ ወገን ነህ። የነሱ ኬላ ጉሊሌ ነው።

ሳቢያን 04፦
ኮሜሳ ላልከው፣ አባልነቱ ልክ ነው። ግን የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣና በጥቅምት 1993 ሲጀመር ጅቡቲ ገባች፤ እኛ አልገባንም። ደግሞ ቀረጥ ዜሮ ቢሆንም የተባይ ምርመራ አይቀርም። ጅቡቲዎችን አትውቀስ።

የቀፊራው፦
ታዲያ ጫት በየቀኑ እንዴት ያልፋል?

ሳቢያን 04፦
ከጫት ገበያው ከአወዳይ ጀምሮ ሁሉም ሰው ሥራውን ስለለመደው ነዋ።

የከዚራ ልጅ፦
ሸራውን አስገለጥክ?

የቀፊራው፦
ተገልጧል። አሁን ሹፌሩን ደግሜ ጠየቅኩት። ያቆመው የኛ ጉምሩክ ነው፤ ያልገጠመው ደግሞ ታርጋው ነው። ሽንሌን እንዳለፍን ካምቢዮ ተበላሽቶ ጭነቱን ወደ ሌላ አይሱዙ አዛውረነው ነበር።

ትራንዚተሯ፦
እሱን ቀድመህ አትናገርም? ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚሞላው የዕቃ መግለጫ) ላይ ያለው የመጀመሪያው መኪና ታርጋ ነዋ! ዲክላራሲዮኑን የሞላልህን ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) አሁኑኑ ጥራው፤ የታርጋ ማስተካከያ ማመልከቻ ያስገባ። የሁለቱንም መኪኖች ሊብሬ፣ የአዲሱን ሹፌር መንጃ ፈቃድና የተበላሸውን መኪና ፎቶ ያያይዝ። ጭነቱ ታሽጎ ከነበረ ማሸጊያው ለምን እንደተነሳም ይጻፍ። የጤና ሰርተፍኬቱ ላይም ታርጋ ካለ የሰጠህ ቢሮ ደውል። ዝም ብለህ ድሬ ድረስ እንዳትመለስ።

ሽንኩርት ነጋዴ፦
በኔም ደርሷል። አንዱ ወረቀት በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል ተጽፎ ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። ክብደቱን አሁኑኑ አመሳክር። አዲሱን ታርጋ ለተቀባይህም ላክለት፤ እዚያ የሚይዘው ወረቀት የድሮውን ይዞ ከቀረ ጉሊሌ ላይ ደግመህ ትቆማለህ። እኔ ሁለተኛውን ቀን ያቃጠልኩት በዚህ ነው።

ጋሽ ባቡር፦
ልጄ፣ ትራንዚተሯን ስማ።

የከዚራ ልጅ፦
የቀፊራው፣ አለፈ?

ትራንዚተሯ፦
ትራንዚተርህ ስልክ ካላነሳ እዚሁ ጻፍልኝ። ጠዋት ወደ ደወሌ እወርዳለሁ።