ኮፒ ጆይስቲክ ኡቡንቱ ላይ ሲሰካ መንቀጥቀጡን አላቆም አለ፤ ድራይቨሩ ውስጥ የቱ ጋ ነው የሚስተካከለው?

አራዳ_ጌምቤት

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አራዳ አካባቢ ላለ ጌም ቤት ነው። ኮምፒውተሮቹ ኡቡንቱ 24.04 ናቸው፣ ከርነላቸው (የሲስተሙ እምብርት) 6.8። ከቅዳሜ ገበያ የተገዙ የፕሌይስቴሽን 3 ኮፒ ጆይስቲኮች አሉ። ገሚሶቹ እንደተሰኩ ይሠራሉ። የቀሩት ገመዱ ገና ሲገባ ቫይብሬት ማድረግ ይጀምሩና እስኪነቀሉ ድረስ አያቆሙም። ቁልፎቹም አናሎጎቹም ግን ደህና ናቸው፣ ጌሙ ያነባቸዋል።

ሁለቱም ዓይነት በኤልኤስ-ዩኤስቢ (የተሰኩ ዕቃዎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ሲታዩ 054ሲ:0268 ነው የሚሉት፤ ያው የሶኒ ቁጥር። ካርቶናቸውም አንድ ነው። ሞተሩን መንቀል እንደሚቻል አውቃለሁ፣ ግን ኳስ የሚጫወት ደንበኛ ቫይብሬሽን ይፈልጋል። ድራይቨር ላይ የሚስተካከል ከሆነ የቱ ጋ ነው? ኢንተርኔቱ የሞባይል ዳታ ስለሆነ የከርነሉን ሙሉ ሶርስ ማውረድ አይታሰብም።

አዘዞ_ኔት

ወንድሜ፣ በሀብ (በዩኤስቢ ማብዣ) የሰካህ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይር። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ በአንድ ፖርት 100 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው። ጆይስቲክ ባትሪውን እየሞላ ሞተሩ ሲነሳ ያ አይበቃውም። ቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰክተህ ሞክር።

እንፍራንዝ_ከርነል

ቀጥታ ሰክቶ መሞከሩ አይጎዳም፣ ነገር ግን ሀቡ አይመስለኝም። የኃይል እጥረት ቢሆን ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክቶች ዝርዝር) ላይ ኤረር -71 ይታይ ነበር፤ ጆይስቲኩም እየጠፋ ይመለስ ነበር እንጂ ቁልፎቹ በደንብ እየሠሩ ሞተሩ ብቻ አይንቀጠቀጥም።

የኔ ጥርጣሬ ስሙ ላይ ነው። እነዚህ ጆይስቲኮች የሶኒን ቁጥር ስለለበሱ ከርነሉ በቁጥር ሊለያቸው አይችልም። ሃይድ-ሶኒ የሚባለው ድራይቨር ሁሉንም እንደ ኦሪጅናል ሲክስአክሲስ (የሶኒው የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ) ይይዛቸውና በገመድ ሲገቡ ሦስት ነገር በተራ ያደርጋል። መጀመሪያ ኤፍ2 የተባለውን ፊቸር ሪፖርት ያነባል፣ ቀጥሎ ኤፍ5ን። በሦስተኛው ደረጃ በኢንተራፕት መስመር (አንዱ የዩኤስቢ መላኪያ መንገድ) አንድ ባይት ይልካል። ይህ ሦስተኛው የተጨመረው ለኦሪጅናሉ ሳይሆን ያለ እሱ ለማይነቁ ለስፒድሊንክና ለጋሲያ ሥሪቶች ነው። ሻንዋን የሚባለው ኮፒ ሥሪት ላይ ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ይኸው ባይት ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ ሻንዋን መሆኑን ካወቀ ሦስተኛውን ደረጃ ይዘልለዋል። የቫይብሬሽኑን ትእዛዝም ለሻንዋን በኢንተራፕት መስመር ነው የሚልከው፣ ለሌሎቹ በኮንትሮል።

የሚያውቀው እንዴት ነው? ጆይስቲኩ ራሱ የሚናገረውን ስም በስትር-ኮምፕ ፊደል በፊደል አነጻጽሮ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሻንዋን ፒኤስ3 ጌምፓድ ነው፣ ሻንዋን በሙሉ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ። ሁለተኛው ጌምፓድ የሚለው ቃል ውስጥ ኤም መግባት በነበረበት ቦታ ባክቲክ ምልክት (`) ያለበት ነው! የፋብሪካው ግድፈት እንዳለ ከርነሉ ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል፣ ያንን ያረመ ሰው ጆይስቲኩን ያበላሸዋል። እንግዲህ ያንተ ጆይስቲክ ከሁለቱ በአንዲት ፊደል፣ በትልቅና ትንሽ ፊደል ወይም በባዶ ቦታ እንኳ ቢለይ ኦሪጅናል ተብሎ ያልፋል።

ለማረጋገጥ አንዱን ሰክተህ በዲሜሴጅ ሶኒ ብሎ የሚጀምረውን የመጨረሻ መስመር እይ። ስሙ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ነው። ባዶ ቦታ በዓይን ስለማይያዝ ሲስ/በስ/ዩኤስቢ/ዲቫይስስ ውስጥ የፖርቱን ፎልደር ግባና ማኑፋክቸረር እና ፕሮዳክት የሚባሉትን ሁለት ፋይሎች በካት -ኤ ክፈታቸው (ኤው ትልቁ ነው)። ከርነሉ ስሙን የሚሠራው ሁለቱን በአንድ ክፍተት አያይዞ ነው። የሚሠራውንም የማይሠራውንም አውጥተህ ጻፍልን።

አራዳ_ጌምቤት

ቀጥታ ሰክቼውም ያው ነው፣ ኤረርም የለም። ማኑፋክቸረሩ የሁለቱም ሻንዋን በትልልቅ ፊደል ነው። ፕሮዳክቱ ግን የሚሠራው ላይ ጌምፓድ ካለ በኋላ ወዲያው የዶላር ምልክቱ ይመጣል፣ የማይሠራው ላይ በጌምፓድና በዶላሩ መካከል አንድ ባዶ ቦታ አለ።

እንፍራንዝ_ከርነል

እሷው ናት። የዶላር ምልክቱ የመስመሩ መጨረሻ ነው፣ ከፊቱ ያለው ክፍተት የስሙ አካል ሆኖ ይቆጠራል።

ሙሉ ሶርስ አያስፈልግህም። ከከርነሉ ድረ ገጽ ላይ የ6.8ን ድራይቨርስ/ሃይድ ፎልደር ከፍተህ ሃይድ-ሶኒ.ሲ እና ሃይድ-አይዲስ.ኤች የሚባሉትን ሁለት ፋይሎች ብቻ አውርድ፤ ለሞባይል ዳታም አይከብዱም። ቁጥሩን ግን አደራ። አዲሱ ይሻላል ብለህ የ6.12ን ብትወስድ ሪፖርት-ፊክስአፕ የሚባለው ፈንክሽን በዚያ እትም አመላለሱ ስለተለወጠ 6.8 ላይ ኮምፓይለሩ ይጮህብሃል። ቢልድ-ኤሴንሻልንና አሁን ለሚሠራው ከርነልህ (ዩኔም -አር የሚሰጥህ ስም) የሊኑክስ-ሄደርስ ፓኬጅ በአፕት ጫን።

ሃይድ-ሶኒ.ሲ ውስጥ ሻንዋን_ጌምፓድ ብለህ ፈልግ። ብዙ ቦታ ይመጣል፣ አንተ የምትፈልገው ሁለቱ ስሞች በስትር-ኮምፕ የተደረደሩበትን ኢፍ ነው። እዚያ ሦስተኛ ስትር-ኮምፕ በወይም ምልክት ጨምር፣ የመጀመሪያውን ስም ቀድተህ ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት ባዶ ቦታዋን አስገባ። ሌላ ምንም አትንካ። በተለይ ሦስተኛውን ደረጃ ከነአካቴው ሰርዞ መገላገል የሚያምራቸው አሉ፤ ያኔ ጋሲያ የገባ ዕለት ጆይስቲኩ ጭራሽ አይነቃም።

እዚያው ፎልደር ሜክፋይል ፍጠር፣ ውስጡ አንድ መስመር ብቻ፦ ኦብጅ-ኤም += ሃይድ-ሶኒ.ኦ። ከዚያ ሜክን በ-ሲ ወደ ሊብ/ሞጁልስ/(የከርነልህ ስም)/ቢልድ፣ በኤም= ደግሞ ወዳለህበት ፎልደር አመልክተህ ሞጁልስ ብለህ አሂድ። ቢቲኤፍ ተዘለለ የሚል ማሳሰቢያ ቢመጣ እለፈው፣ ቪኤምሊኑክስ ስለሌለ ነው እንጂ ጉዳት የለውም።

ጆይስቲኩን ነቅለህ አሮጌውን በአርኤምሞድ አውጣ፣ ኤፍኤፍ-ሜምለስ የሚባለውን የቫይብሬሽን ረዳት በሞድፕሮብ ጫን፣ ከዚያ አዲሱን በኢንስሞድ። ኤፍኤፍ-ሜምለስን ከዘለልክ ያልታወቀ ሲምቦል ይልሃል፤ ኢንስሞድ እንደ ሞድፕሮብ ጥገኞቹን ፈልጎ አይጭንም።

አራዳ_ጌምቤት

ኮምፓይል አድርጓል፣ ኢንስሞድ ላይ ግን ቁልፉ በሰርቪሱ ውድቅ ሆነ የሚል መልስ ሰጠኝ። ከሩት ሆኜም ያው ነው።

ደብረብርሃን_ሰፈር

ሴኪዩር ቡት በርቶ ነው። ፊርማ የሌለውን ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ድራይቨር) ሩትም ብትሆን አያስገባም። ከባዮስ ማጥፋት ይቻላል፤ ዝም ብሎ ጌም ለሚያጫውት ማሽን ብዙም የሚያስቆጭ አይደለም። ግን ዲኬኤምኤስን (አዲስ ከርነል ሲመጣ ሞጁሉን መልሶ የሚሠራ መሣሪያ) ብትጠቀም ፊርማውንም ስለሚጨርስልህ እሱን እመክራለሁ። ደግሞም የሚቀጥለው ችግርህ የከርነል አፕዴት ነው። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል በራሱ ጭኖ ማሽኑ ሲነሳ ሞጁልህ በአሮጌው ከርነል ፎልደር ይቀርና ጆይስቲኩ እንደገና መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ሁለቱን ፋይሎችና ሜክፋይሉን ዩኤስአር/ኤስአርሲ ውስጥ ሃይድ-ሶኒ-ሻንዋን-1.0 የሚል ፎልደር አስገባቸው። ዲኬኤምኤስ.ኮንፍ ውስጥ የፓኬጁን ስምና ቁጥር፣ የሞጁሉን ስም፣ መድረሻውን /አፕዴትስ/ዲኬኤምኤስ፣ አውቶኢንስቶልን የስ አድርግ። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ከሌለች አዲስ ከርነል ሲመጣ ራሱ አይሠራልህም። ከዚያ ዲኬኤምኤስ አድ፣ ቢልድ፣ ኢንስቶል። አፕዴትስ ፎልደር በኡቡንቱ የፍለጋ ተራ ከዋናው ስለሚቀድም የቀድሞውን ሃይድ-ሶኒ መሰረዝ አያስፈልግም። የትኛው እንደተመረጠ በሞድኢንፎ -ኤን ሃይድ-ሶኒ ታየዋለህ።

ፊርማውን ለማስመዝገብ ሞክ-ዩቲል የሚባለውን ትእዛዝ በኢምፖርት ቫር/ሊብ/ሺም-ሳይንድ/ሞክ ውስጥ ያለውን ሞክ.ዴር ስጠው፣ የይለፍ ቃል ያስገባሃል። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ኤንሮል ሞክ ብለህ ያንኑ የይለፍ ቃል ጻፍ። ስክሪኑ ትንሽ ጠብቆ ያልፋል፣ ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ አጠገቡ ሁን። ይህ በየኮምፒውተሩ ነው፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

አራዳ_ጌምቤት

ሠርቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲሰካ ጸጥ ይላል፣ ጌም ውስጥ ጎል ሲገባ ብቻ ቫይብሬት ያደርጋል። አንድ የቀረኝ፣ በብሉቱዝ ሲሞከር ያው ጆይስቲክ አይገናኝም። ይህም ከስሙ ነው?

እንፍራንዝ_ከርነል

አይደለም፣ እዚያ ከርነሉ የለበትም። ብሉዚ (የሊኑክስ የብሉቱዝ ፕሮግራም) 2023 መጨረሻ ላይ ይፋ በሆነው የኪቦርድ የደህንነት ቀዳዳ ምክንያት (ሲቪኢ-2023-45866) በደንብ ያልተጣመረ ዕቃ እንዳይገባ ዘግቷል፣ የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ ደግሞ በተፈጥሮው እንደዚያ አይጣመርም። ኢቲሲ/ብሉቱዝ/ኢንፑት.ኮንፍ ውስጥ ክላሲክ-ቦንድድ-ኦንሊን ፎልስ አድርገህ ብሉቱዙን ሪስታርት ብታደርግ ይገባል። ግን ያኔ በብሉቱዝ ርቀት ላይ ያለ ሰው ራሱን ኪቦርድ አስመስሎ ማሽንህ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ሰው በሚበዛበት ጌም ቤት እኔ አልከፍተውም፣ ገመዱ ይሻላል።

ደብረብርሃን_ሰፈር

ለውጡን ለዋናው ከርነል ላከው፣ ሌላ ቦታም ይቺው ባዶ ቦታ ያለችበት ጆይስቲክ አይጠፋም። አንድ መስመር ናት። በቼክፓች (የከርነሉ የኮድ አጻጻፍ መፈተሻ) አሳልፋት፣ የዲሜሴጁን መስመር ከነቅንፉ መግለጫው ውስጥ አስገባ፣ ሳይንድ-ኦፍ-ባይ (የላኪው ፊርማ) ላይ የሚታወቅ ስምህን እንጂ የዚህን ቤት ቅጽል ስም አትጻፍ። የመጀመሪያዎቹን 19 ፊደላት ብቻ በስትር-ኤን-ኮምፕ አነጻጽሮ ባዶ ቦታ ያለበትንም የሌለበትንም በአንድ መያዝም ይቻላል፤ እኔ ግን ሦስተኛ መስመሯን እመርጣለሁ፣ ያልተሞከረ ሥሪት አብሮ እንዳይገባ።