ፀሐይ የማያገኝ የበር ዳር የአበባ መደብ፦ ምን ልትከል?

ቤታችን አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው። ከውጭ በሩ እስከ በረንዳው ድረስ ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ስፋቷ 80 ሳንቲሜትር የሆነች የአበባ መደብ አለችን። አምና ጎረቤት ባለ አራት ፎቅ ሠራና ፀሐያችንን ወሰደብን፤ አሁን የሚደርሳት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ጽጌረዳ ተከልኩ። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ዱቄት የተነፋበት መሰለ፣ ከዚያ እንቡጡ ሳይፈነዳ እየጠቆረ ረገፈ። ጤና አዳሙም ቀጥኖ ወደ በሩ ተንጋደደ፤ ለቡና የሚሆን ቅጠል እንኳ አላገኘሁበትም። ባለፈው ወር አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ መደቧን አንድ ስንዝር ከፍ አደረግኋት። ውሃው አሁን ይወርዳል፣ ጥላው ግን ያው ነው።

ችግኝ ሻጩ «ካላ ሊሊ ውሰጂ» አለኝ። ጥላና እርጥበት እንደሚችል እኔም አውቃለሁ። ግን ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዝ አለው፤ ልጄ ደግሞ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ትቀምሳለች (ባለፈው ሳምንት የቡና አተላ ስትበላ ነው የያዝኳት)። ሃይድራንጃንም በዚሁ ምክንያት ትቼዋለሁ። በየዓመቱ የሚነቀል አበባ መትከል ደግሞ ሰልችቶኛል።

በቀን ሁለት ሰዓት ፀሐይ የሚበቃው፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ ልጅ ብትቀምሰው የማይጎዳትና ከዓመት ዓመት የሚቆይ ምን ተክል ታውቃላችሁ?