የ349 ቆርኪ ጉዳይ፦ ሚሊዮነሮቹ ለምን ባዶ እጃቸውን ቀሩ?

ጥያቄ፦ ውድ ወገኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ፔፕሲ በፊሊፒንስ ባወጣው የቆርኪ ዕጣ ብዙ ሕዝብ «አሸናፊ» ከተባለ በኋላ ገንዘቡን እንዳላገኘ አንብቤ እጅግ አዝኛለሁ። ስሕተቱ ከየት እንደመጣና ኩባንያው በሕግ ተጠይቆ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ በቆርኪው ውስጠኛ ገጽ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ ይታተም የነበረ ሲሆን፣ ትልቁ ሽልማት 1 ሚሊዮን ፔሶ ነበር። በግንቦት ወር አንድ ምሽት በቴሌቪዥን 349 አሸናፊ ተብሎ ሲታወጅ ግን፣ ይኸው ቁጥር አስቀድሞ የማያሸንፍ ተብሎ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቆርኪዎች ላይ ታትሞ በየሱቁ ተሰራጭቶ ነበር። ቆርኪውን ገልብጦ 349 ያነበበ ድሃ ቤተሰብ ኮዱ ትክክለኛ አለመሆኑን ከየት ያውቃል?

መልስ 2፦ ኩባንያው ለእያንዳንዱ ቆርኪ 500 ፔሶ ለመስጠት ተስማምቶ ብዙዎች ቢቀበሉም፣ ያልተቀበሉት አደባባይ ወጡ፤ የጭነት መኪኖች ተቃጠሉ፣ ቦምብ ተወረወረ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በእኔ እምነት፣ ወዲያውኑ በግልጽ ይቅርታ ቢጠየቅ ኖሮ ቁጣው እዚህ ባልደረሰ ነበር።

መልስ 3፦ ስለ ሕጉ ለጠየቁት፣ ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ኩባንያው ሽልማቱን የመክፈል ግዴታ የለበትም ሲል ወስኗል።