«ካሌብማ ከልብ ማለት ነው» ሲባል ምስጋና ነው ወይስ ስድብ?

ቀሃ ማዶ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ለወንድ ልጅ ሦስት ስም ታጭቷል፤ ካሌብ፣ አቤኔዘር፣ ፋሲል። ክርስትናው 8 ቀን ቀርቶታል። የኔታ ዝርዝሩን አይተው ፈገግ አሉና «ካሌብማ ከልብ ማለት ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በግእዝ ከሆነ ውሻ፣ በአማርኛ ከሆነ ከልብ የመነጨ። ተጽፎም እንኳ አይለይም። የትኛውን ማለታቸው ነው? ስሙስ ይጽና ወይስ ይቅር?

የቀለም ቀንድ፦ ሲጻፍ አይለይም፣ ሲነገር ግን ይለያል። «ብ» ጠብቃ ነው የወጣች ወይስ ላልታ? በአማርኛው «ከ» መስተዋድድ ነው፤ የ«ልብ» ብ ትጠብቃለች፤ ልቤ፣ ልባም ብለህ ሞክረው። የግእዙ ከልብ ላልቶ ይነገራል፤ «ከል» ተብሎ ብ ላይ ይታረፋል። ሲበዛ ከለባት ነው። ስቅለት ዕለት «ዐገቱኒ ከለባት ብዙኃን» (ብዙ ውሾች ከበቡኝ) ሲባል እየሰገደ የሰማ ሰው ይህ አይጠፋውም።

አንገረብ፦ እኔ ሁለቱ ከአንድ ሥር ናቸው ባይ ነኝ። ቀልብ፣ ከልብ፣ ልብ። ውሻ ቀልቡ ጌታው ላይ ስለሆነ ከልብ ተባለ።

የቀለም ቀንድ፦ ግስ ሳይገሰስ ሥር መማዘዝ እንዲህ ነው! ቀልብ ከዐረብኛ የገባ ነው፤ እዚያም ትርጉሙ ልብ ነው። ዐረብኛውም ለውሻ ከልብ ይላል፣ በክ። ቅና ክን ያልለየ ጀማሪ «ልቤ» ሊል «ውሻዬ» ብሎ የሚሳቀው ለዚህ ነው። አንድ ቢሆኑ ኖሮ ማን ይስቅ ነበር?

ደብተራ ነኝ፦ ውሻውን ተዉትና ሰውዬውን እዩ። አጼ ካሌብ ናግራን ድረስ ተሻግሮ የዘመተ፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ የመነነ ንጉሥ ነው። ስመ መንግሥቱ እለ አጽብሐ፣ በዓሉ ግንቦት 20። (ግንቦት 20 ሲባል ሌላ ነገር ትዝ የሚለው አይጣደፍ።) እንዲህ ያለ ንጉሥ ውሻ ተብሎ ይጠራል?

የቀለም ቀንድ፦ ስሙን አክሱም አላወጣውም፣ ከኦሪት የተወሰደ ነው። በዕብራይስጥም ተነባቢዎቹ ያው ናቸው፤ ከ፣ ለ፣ በ፤ ውሻ ማለት ነው። አንዳንዶች «ኮል ሌቭ»፣ ሙሉ ልብ፣ ይሉታል። ዘኍልቍ 14 ላይ ካሌብ ፈጽሞ ተከተለኝ ስለተባለ ስብከቱ ያምራል፣ ሰዋስውነቱ ግን ደካማ ነው። ንጉሥ ውሻ አይባልም ላልከው፣ 2 ሳሙኤል 9፥8 ተመልከት። ሜምፊቦስቴ በዳዊት ፊት ራሱን የሞተ ውሻ ይላል። በዚያ አገር ደንብ ውሻ የታማኝ አገልጋይ ቃል ነው፤ እኛ ገብረ እንደምንለው። ዐረቦችም በኑ ከልብ የሚባል ትልቅ ነገድ ነበራቸው፣ ማንም አላፈረበትም።

ደብተራ ነኝ፦ «ካ» ራብዕ፣ «ሌ» ኃምስ ሆነው ሳለ ከልብ ብሎ ማንበብ የት ተማርክ?

የቀለም ቀንድ፦ አናባቢው ግሪኩን ተከትሎ ነው። የግሪኩን ኺ ግእዝ በክ ይጽፋል፤ ሚካኤልን፣ ክርስቶስን አስብ። አናባቢ ቢለወጥ ተነባቢው የት ይሄዳል?

አዘዞ በር፦ ኧረ ልጁ ስም ይጠብቃል! አቤኔዘር ቀላሉ ነው፤ የረድኤት ድንጋይ ማለት ነው፣ 1 ሳሙኤል 7፥12። በግእዙም ድንጋይ እብን ነው። ሳሙኤል ግን ስሙን ያወጣው ላቆመው ድንጋይ እንጂ ለሰው አይደለም፤ አያቶች ከጠየቁ መልስ ይዘጋጅ። ፋሲል የፋሲለደስ ቁራጭ ነው። ሰማዕቱ መስከረም 11 ይታሰባል፤ በግሪኩ ሥሩ ንጉሥ የሚለው ቃል ነው፤ የግሪኩ በ እኛ ጋ ፈ ሆነ። ፋሲል የዐረብኛው ፈይሰል ነው የሚል ይመጣል፣ አትስሙት። ችግሩ ትርጉሙ ላይ የለም፤ ጎንደር ውስጥ ፋሲል ብለህ ብትጣራ ግማሹ መንገደኛ ይዞራል።

ሌላው፣ የክርስትና ስም ለብቻው ነው። ወንድ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ካህኑ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ብለው ያወጣሉ፤ ካሌብን አይነካም። እነዚህ ዘርፍ ይፈልጋሉና መዝገብ ላይ «ወልደ» ብቻ አታስጽፉ፤ የማን ልጅ? ለብቻው ሲቆም ወልድ ነው። የልደት ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ካሌብ በላቲን ፊደል በሲም በኬም ይጻፋልና አንዱን መርጦ እስከ ፓስፖርት በዚያው መዝለቅ ነው፤ አንዱ ወረቀት በሲ ሌላው በኬ ከሆነ ማስተካከያው ያንከራትታል።

አንገረብ፦ የአባት ስምስ? አብሮ ጮክ ተብሎ ይነበብ። አባቱ አዳነ ከሆነ አንድ ጸሐፊ ቀለም ቢስት «ከልብ አደነ» ይሆናል፤ የአደን ውሻ!

አዘዞ በር፦ ካሌብ ካለባቸው ከ12ቱ የሙሴ ሰላዮች ኢያሱም አለ እኮ። ለጎንደር ልጅ እሱ ይቀርባል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠራው ንጉሥ ስም ነው። እግዚአብሔር ያድናል ማለት መሆኑም አያከራክርም።

አንገረብ፦ ኢያሱ አዳነ? ትርጉሙን ሁለቴ መጻፍ ነው።

ቀሃ ማዶ፦ የአባት ስም አዳነ አይደለም። ታዲያ የኔታ ምን ማለታቸው ነው?

የቀለም ቀንድ፦ ብ ጠበቀች ወይስ ላላች ብዬ ነበር።

ቀሃ ማዶ፦ እየሄዱ ነው የተናገሩት፤ ል ተሰምታለች፣ ብ ግን ፈገግታ ውስጥ ጠፋች።

የቀለም ቀንድ፦ እንግዲያ ቅኔ ነው። ሰሙ ውሻ፣ ወርቁ ልብ።

ደብተራ ነኝ፦ ተገላቢጦሽ! ሰሙ ልብ፣ ወርቁ ውሻ። ወርቅ የተሰወረው ነው፤ እርሳቸው ደግሞ የሰወሩት ግእዙን ነው።

የቀለም ቀንድ፦ የሚሰወረው ከማን ነው? እርሳቸው በግእዝ የሚያስቡ ሰው ናቸው፤ ለእርሳቸው የተሰወረው አማርኛው ነው።

ደብተራ ነኝ፦ ሰምና ወርቅ ያልከውን ቃል መጀመሪያ አርም። አንድ ቃል ሁለቱን ሲሸከም ኅብረ ቃል ነው የሚባለው።