120 እንቁላል ጣይ ዶሮ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ለማጓጓዝ

ጠያቂ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ጤና ይስጥልኝ። 24 ሳምንት የሞላቸው 120 ዶሮዎች በአይሱዙ ላመጣ ነው። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 55 ሴንቲ የሆነ 8 የፕላስቲክ ሳጥን አለኝ። ይበቃል? ለብርዱ ሸራ ላልብሳቸው አስቤያለሁ። ከዋዜማው ጀምሮስ ላስጹማቸው?

መላሽ፣ ደብረ ሲና፦ ወንድሜ፣ በ8 ሳጥን 15 15 ይደርሳል፤ ለቆላ ይጠባል። ሁለት ጨምርና 12 12 አድርግ። በሳጥኑ ያሉት ዶሮዎች ቁጥራቸው በጣም ካነሰም መንገድህ ላይ ባለው የጣርማ በር ተራራ ጠመዝማዛ እየተንሸራተቱ ይጋጫሉ። በረድፎቹ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ተው፤ ቀድሞ የሚታፈነው መሃል ያለው ሳጥን ነው።

ሸራው ከላይና ከፊት ብቻ ይሁን። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በጉም ላባዋ የራሰ ዶሮ ሙቀት አትይዝም። የተራራውን የመኪና ዋሻ አልፈህ ደብረ ሲና ስትደርስ ግን የፊቱን ግለጠው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለደጋ ያለበሰውን እስከ ቆላ ይዞት ይወርዳል። ዶሮ አያልባትም፤ የምትቀዘቅዘው እያለከለከች ነው። በታፈነ እርጥብ አየር ማለክለኩም አይረዳት።

መላሽ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦ ማስጾም አያስፈልግም፣ እባክህ። ከጨለመ በኋላ ራሳቸው አይበሉም። የማታውን መኖ እንዲያውም አትንሳቸው፤ የእንቁላሉ ቅርፊት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ካልሲየሙን ከመኖው ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች። አጥንቷ የሳሳ ዶሮ ደግሞ ስትያዝ ትሰበራለች። ስለዚህ በጨለማ፣ በደብዛዛ መብራት፣ ሁለት እግሯን አንድ ላይ ይዛችሁ ደረቷን ደግፉ። በክንፍ ወይም በአንድ እግር ማንጠልጠል ፈጽሞ አይሁን። ውሃው እስከ ጭነት ድረስ አይነሳ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ብትነሳ ፀሐይ ሳይበረታ፣ አብዛኞቹም ሳይጥሉ ትደርሳለህ።

ጠያቂ፦ ሾፌሩ መንገድ ላይ ቁርስ ልብላ ቢለኝስ?

መላሽ፣ ደብረ ሲና፦ ሳይነሳ ይብላ። መኪናው ሲቆም ነፋሱም ይቆማል፤ የዶሮዎቹ የራሳቸው ሙቀት ሳጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል። የግድ ከሆነ ጥላ ፈልጎ፣ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ።

መላሽ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦ ሲደርሱ መጀመሪያ ውሃ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መኖ። 120 ዶሮ በቀን እስከ 30 ሊትር ይጠጣል፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት 50 አዘጋጅ፣ ጥላ ውስጥ። የለመዱትን መኖ የ4 ቀን ያህል ከሻጩ ወስደህ ከአዲሱ ጋር እያቀላቀልክ አላምዳቸው። እንቁላሉ ለተወሰኑ ቀናት ቢቀንስ አትደንግጥ። ከነባር ዶሮዎች ጋር ግን ቢያንስ 2 ሳምንት አታቀላቅላቸው።